የወፍ በሽታው ለቆት ነበር፤ መቅኔው ለምን ቆመ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው፣ ታሞ አያውቅም። ከሁለት ወር በፊት ዓይኑ ቢጫ ሆነ። የጉበት ቫይረስ ተብሎ ቢመረመርም ኤም፣ ቢም፣ ሲም የለበትም ተባለና በራሱ ተሻለው። አሁን ድዱ ይደማል፣ ገላው ይበልዛል፣ ደረጃ መውጣት አቅቶታል። ከመቅኔው ናሙና ወስደው «ደም ማምረት አቁሟል» አሉን። ጤነኛ ሰው በቫይረስ እንዲህ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል እህቴ። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም እንጂ ይሆናል። መጀመሪያ ጉበት ይታመማል፣ ከተሻለው በኋላ በሁለት በሦስት ወር ውስጥ መቅኔው ይቆማል፤ የሚበዛውም በወጣት ወንዶች ላይ ነው። ቫይረሱ ራሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም፣ ስለዚህ «ላብራቶሪው ተሳስቶ ነው» እያላችሁ ከቦታ ቦታ አትንከራተቱ። ሉኪሚያም (የደም ካንሰርም) አይደለም።

መቅኔውን የሚያደርቀው ቫይረሱ ሳይሆን የራሱ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ቫይረስ ሊወጉ ተነስተው ደም የሚወልዱትን ሴሎች ማጥቃት ይጀምራሉ። ቀይ ሥር፣ ጉበት፣ የአይረን ሽሮፕ የማይረዳውም ለዚህ ነው፤ ምጣዱ ከቀዘቀዘ ሊጥ ቢያበዙበት እንጀራ አይወጣም።

(ፓርቮ ቢ19 የሚባል ሌላ ቫይረስም አለ፤ ቀይ የደም ሴል ማምረትን ለሳምንት ለአሥር ቀን ያህል ያስቆማል። ቀይ ሴል 120 ቀን ገደማ ስለሚኖር ጤነኛ ሰው ሳያውቀው ያልፋል። የወንድምሽ ግን እሱ አይመስልም።)

ሕክምና አለው። እንደ እሱ ወጣት ለሆነ ሰው የሚመረጠው መቅኔው ከእሱ ጋር ከሚመሳሰል ወንድም ወይም እህት መቅኔ መውሰድ ነው፤ የአንድ እናትና አባት ልጆች ከሆናችሁ የመመሳሰል ዕድልሽ ከአራት አንድ ነው። ካልተገኘ ኤቲጂና ሳይክሎስፖሪን የሚባሉ፣ የተቆጡትን ሴሎች የሚያበርዱ መድኃኒቶች አሉ። እና እባክሽ፣ ደም ሲያስፈልገው ፈጥነሽ ክንድሽን አትዘርጊ! የወንድም የእህት ደም ከተሰጠው በኋላ ሰውነቱ የእናንተን መቅኔ ሊገፋው ይችላል። ከደም ባንክ ይምጣለት።

ለታይፎይድም ሆነ ለሌላ ክሎራምፌኒኮል ወስዶ ከነበረ ለሐኪሙ ንገሩ፣ እሱም መቅኔ ያስቆማል። ለወፍ በሽታው ቅጠል ጠጥቶ ከሆነም አትደብቁ፣ ማንም አይቆጣችሁም።

አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ አይውሰድ፣ ጡንቻው ላይ መርፌም አይወጋ፣ ይደማል። ቴርሞሜትር ግዙ። 38 ካለፈ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን፣ «እስኪነጋ ፓራሲታሞል ይዋጥ» ሳትሉ ሆስፒታል ውሰዱት።