ሰስ «ክሊፕስፕሪንገር» የተባለው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ስለ ዱር እንስሳት በሚያወራ መጽሐፍ ላይ ሰስ «ክሊፕስፕሪንገር» ተብሏል። ቃሉ የየት አገር ነው? በሩቁስ ከሚዳቋ በምን ልለየው?

መልስ፦ ቃሉ የአፍሪካንስ ነው፤ በደቡብ አፍሪካ ከደች ሰፋሪዎች አነጋገር ያደገ ቋንቋ። «ክሊፕ» ድንጋይ ወይም ቋጥኝ፣ «ስፕሪንገር» ዘላይ ማለት ነው። የቋጥኝ ዘላይ! ለዚህ እንስሳ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም። ሳይንሳዊ ስሙ ኦሪዮትራጉስ ደግሞ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «የተራራ አውራ ፍየል» እንደማለት ነው።

ለመለየት መጀመሪያ እግሩን ይመልከቱ። የሚቆመው በሰኮናው ጫፍ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጠባብ የድንጋይ ጠርዝ ይበቃዋል። ጠጉሩ ወፍራምና ውስጡ ባዶ ነው፣ ሲነካ በቀላሉ ይነቀላል። ትከሻው ድረስ ከ60 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ክብደቱ ከ8 እስከ 18 ኪሎ ነው። ሚዳቋ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ስትሹለከለክ ሰስ ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ይቃኛል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በቀንዱ ነው። በአብዛኛው ቀንድ የሚያበቅለው ወንዱ ብቻ ስለሆነ፣ ቀንድ የሌላትን ሌላ እንስሳ አድርገው ይቆጥሯታል። አንዱን ካዩ ዙሪያውን ይቃኙ፤ ጥንድ ሆነው ስለሚኖሩ ሌላው ሩቅ አይሆንም። በአካባቢው ያሉ ቀጫጭን ጭራሮዎችንም ያስተውሉ፦ ጫፋቸው ላይ ጥቁር፣ ሙጫ መሰል ነገር ካለ፣ ሰስ ከዓይኑ ሥር ካለው ዕጢ ቀብቶ ግዛቱን ያመለከተበት ነው።