ለጠለቀ የሳቅ መስመር ቦቶክስ ልወጋ ወይ ላልሽው

እህቴ ከአፍንጫሽ ጎን እስከ አፍሽ ጥግ የወረደው መስመር ሳትስቂም ይታያል ካልሽ ቦቶክሱን ተይው፣ ቦቶክስ ጡንቻ ነው የሚያላላው፣ ለግንባርና ለዓይን ጥግ ነው የሚሆነው፣ አፍሽ አካባቢ ከተወጋሽ ፈገግታሽ ሊጣመም ይችላል። ለጠለቀ መስመር በብዛት የሚሰራው ፊለር (ከቆዳ ስር ተወግቶ ጎድጓዳውን የሚሞላ ጄል) ነው በተለይ የሃያሉሮኒክ አሲዱ (ሰውነታችንም የሚሰራው ውሃ የሚይዝ ነገር ነው)፣ ከሱ የሚሰራው ሬስታይሌን የሚባለው ፊለር አሜሪካ ውስጥ በ2003 እ.ኤ.አ. ሲፈቀድ ለዚሁ መስመር ነበር። እንደ ዓይነቱ ከ6 ወር እስከ ዓመት ምናምን ይቆያል፣ ካልወደድሽው ደሞ ሃያሉሮኒዴዝ በሚባል መርፌ ይሟሟል፣ እኔ እሱን የምመርጠው ለዛ ነው። አንዳንዴ መስመሩን የሚያጠልቀው የጉንጭ መክሳት ስለሆነ ሐኪሙ ከጉንጭሽ ቢጀምር እንዳይገርምሽ።

ግን በናትሽ የውበት ሳሎን ውስጥ እንዳትወጊ!! መስመሩ ጋ የደም ስር አለ፣ ፊለሩ እሱ ውስጥ ከገባ ቆዳ ሊሞት ዓይንም ሊጠፋ ይችላል። ከተወጋሽ በኋላ ቆዳሽ ከነጣ ወይ ኃይለኛ ህመም ከመጣ ወይ እይታሽ ከተለወጠ ነገ ሳትይ በዛው ሰዓት ወደ ሐኪም ሂጂ። በሌዘር ላስተካክለው ካልሽ ደሞ፣ ሌዘር እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ጥቁረት ሊተው ስለሚችል መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ጠይቂ። ሬቲኖል የሚባለው የቫይታሚን ኤ ክሬምና ሰንስክሪን ብቻቸውን ጥልቁን አያጠፉም፣ ግን ሰንስክሪኑን አታቁሚ፣ እርጉዝ ከሆንሽ ሬቲኖሉ ይቅር።