መልስ፦ ፒችትሪ 2010 በዊንዶውስ 10 አልከፍት ላለህ
ወንድሜ፣ ኮምፒውተር ቀይረህ የድሮው የሂሳብ አያያዝ ፕሮግራም ፒችትሪ 2010 ዊንዶውስ 10 ላይ አልከፍት አለኝ ላልከው፦ ምንም ከመንካትህ በፊት የዳታውን ፎልደር ኮፒ አድርገህ ሁለት ቦታ አስቀምጥ። የዓመት ሂሳብ ነው፣ አደራ!

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፕሮግራሙ አይደለም። ከጀርባ ዳታውን የሚይዝ ፐርቬሲቭ የሚባል ዳታቤዝ አለ። እሱ ካልተነሳ ፒችትሪም አይነሳም። ሰርቪስስ (ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞች የሚዘረዘሩበት የዊንዶውስ መስኮት) ውስጥ ግባና ፐርቬሲቭ የሚለውን ፈልግ። ቆሞ ካገኘኸው ስታርት በለው፣ አውቶማቲክ ላይም አድርገው። እዚህ ባሕር ዳር፣ ጊዮርጊስ አካባቢ አንድ ሱቅ መብራት ድንገት ጠፍቶ ሲመጣ እንዲሁ ሆኖ ነበር። ባለቤቷ ደረሰኞቿን ታቅፋ ቆማ ነበር፤ ስታርት ስለው ወዲያው ተከፈተ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ግዛ።

እምቢ ካለ ቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተርህ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ ዊንዶውስ 7 ጭነህ እዚያ አሠራው። ኢንተርኔቱን ግን ዝጋበት፤ ለዊንዶውስ 7 የደህንነት ማሻሻያ አይመጣለትም።