ከኮርኒሱ በላይ ያለው ኤሲ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ኤሲው የተገጠመው ኮርኒስና ቆርቆሮው መሀል ነው። ሚያዝያ ላይ ክፍሎቹ አልቀዘቅዝ አሉ፣ ኮርኒሱም ቢጫ እድፍ አወጣ። ባለሙያው «ጋዝ አልቋል» ብሎ ሞላ፤ በወሩ ያው ሆነ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው፣ ስለዚህ ያ ሳይገኝ ደግመው አያስሞሉ፣ ገንዘብ መበተን ነው። እድፉን በተመለከተ፣ ኤሌክትሪኩን አጥፍተው ጠዋት፣ ቆርቆሮው ሳይግል፣ ባትሪ ይዘው ከኮርኒሱ በላይ ይውጡ (እግርዎ እንጨቱ ላይ ይሁን፣ ኮርኒሱ አይሸከምዎትም)። ከማሽኑ ሥር ያለው ሳህን ውሃ ካቆረ ማስወገጃ ቱቦው ተደፍኗል፤ ይጠረግ። ማጣሪያውንም ይጠቡት። ከዚያ ኤሲውን አብርተው የአየር ቱቦዎቹን መጋጠሚያ በእጅ ይዳስሱ፤ ቀዝቃዛ አየር ካመለጠ ሲያቀዘቅዙ የከረሙት ቆርቆሮውን ነው። በአሉሚኒየም ፕላስተር ይታሸግ፤ ተራው ፕላስተር በዚያ ሙቀት ይላቀቃል።