ሄይቲ ላቲን አሜሪካ ናት ወይስ አይደለችም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዘጠነኛ ክፍል የምትማር ልጄ የላቲን አሜሪካ አገሮችን ዘርዝሪ ተብላ ሄይቲን ጻፈች። አስተማሪው ሰረዘባት። እኔም ላቲን አሜሪካ ማለት ደቡብ አሜሪካ ነው ብዬ ስለማውቅ ለአስተማሪው ፈረድኩ። ልጄ እስካሁን አኩርፋኛለች። ለመሆኑ መለኪያው ምንድን ነው? ቋንቋ ነው? ዘር ነው? ወይስ ቅኝ የገዛቸው አገር?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ልጅዎን ይቅርታ ይጠይቋት። ልክ ነበረች።

ይህን የምለው ለልጅ አዝኜ ብቻ አይደለም። ልጅ ሳለሁ ለትምህርት ኩባ ተልኬ፣ የወጣቶች ደሴት በምትባለው ደሴት ላይ ነው ያደግኩት። ግማሽ ቀን ክፍል ውስጥ፣ ግማሽ ቀን የግሬፕፍሩት እርሻ ላይ። አንድ ቀን የጂኦግራፊ አስተማሪያችን የአሜሪካን አህጉር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሣለችና «ኑ፣ ላቲን አሜሪካን ክበቡ» አለችን። ቀላል መስሎን ተሽቀዳደምን። አንዱ ልጅ ከሜክሲኮ ተነስቶ እስከ አርጀንቲና ጫፍ አዞረው። እሷ ጣቷን ሱሪናም ላይ አድርጋ «ይህችን ለምን ከተትካት?» ስትለው ዝም አለ። ሌላው ተነስቶ አጠፋና እንደገና ከበበ። እሱንም ጠየቀችው። እያጠፋን እየከበብን ክፍለ ጊዜው አለቀ። የእርስዎ ጥያቄ የዚያን ቀኑ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ የደቡብ አሜሪካን ነገር እንጨርስ። ሜክሲኮ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ናት፤ ላቲን አሜሪካ መሆኗን ግን የሚጠራጠር የለም። ጉያናና ሱሪናም ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከላቲን አሜሪካ አይቆጠሩም። ጉያና እስከ 1966 በእንግሊዝ፣ ሱሪናም እስከ 1975 በሆላንድ እጅ ነበሩ። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ስለዚህ አህጉሩ መለኪያ አይሆንም።

ቋንቋስ? ብዙ ሰው የሚይዘው ይህን ነው። ስፓኒሽ፣ ፖርቱጋልኛና ፈረንሳይኛ የጥንቱ የሮማውያን ላቲን ልጆች ናቸው። በዚያ ምድር ስፓኒሽ የሚናገሩት ነጻ አገሮች 18 ናቸው። ብራዚል ፖርቱጋልኛ ተናጋሪ ናት። መነሻው ስፔንና ፖርቱጋል በ1494 ቶርዴሲያስ በምትባል የስፔን ከተማ ተፈራርመው ውቅያኖሱን በመስመር መከፋፈላቸው ነው። ሄይቲ ደግሞ ፈረንሳይኛና ከፈረንሳይኛ የተወለደ ክሬዮል የሚባል ቋንቋ አላት። ክሬዮሉን ሁሉም ሰው ይናገረዋል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ከፈረንሳይኛው እኩል የመንግሥት ቋንቋ አድርጎታል። በቋንቋ ከሄድን ሄይቲ ያለ ምንም ክርክር ትገባለች። ደምሩት፦ 18፣ ብራዚል፣ ሄይቲ። 20 አገር። የተለመደው ዝርዝር ይህ ነው። ልጅዎ ይህን ነው የጻፈችው።

ግን ቋንቋም ቢሆን ያፈስሳል። የካናዳዋ ኩቤክ ፈረንሳይኛ ነው የምትናገረው፤ ላቲን አሜሪካ ናት የሚል ሰው አልገጠመኝም። ኩራሳው የምትባለው ደሴት በሆላንድ ንጉሣዊ ግዛት ሥር ናት። መንገድ ላይ የሚሰማው ግን ፓፒያሜንቶ ነው፤ ከፖርቱጋልኛና ከስፓኒሽ የተወለደ ቋንቋ። እሷስ የት ትግባ? በሌላ በኩል ፓራጓይን ይመልከቱ። አብዛኛው ሕዝብ ጓራኒ ይናገራል፤ ከ1992 ጀምሮም ከስፓኒሽ ጎን የመንግሥት ቋንቋ ነው። የቦሊቪያ የ2009 ሕገ መንግሥት ከስፓኒሽ ሌላ 36 የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎችን ዘርዝሯል። በአንዲስ ተራራ ላይ ኬችዋ ብቻ የምትናገር አያት በየትኛው ቋንቋዋ ነው «ላቲን» የምትባለው? ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ያስጨንቀኛል።

ዘር ደግሞ ጭራሽ አያስኬድም። የቦነስ አይረስ ሰው የጣሊያን የልጅ ልጅ ሊሆን ይችላል። ፔሩ በ1990 የመረጠችው ፕሬዚዳንት፣ አልቤርቶ ፉጂሞሪ፣ የጃፓን ስደተኞች ልጅ ነው። ብራዚል በባርነት ከ4 ሚሊዮን በላይ አፍሪካውያን የተጋዙባት አገር ናት፤ ባርነትን የከለከለችውም በ1888 ነው፣ ከአህጉሩ ሁሉ መጨረሻ። የትምህርት ቤታችን ወጥ ሠሪ መልኳ የእኛው ዓይነት ነበር። አያቷ ሸንኮራ ሊቆርጡ ከሄይቲ ወደ ምሥራቅ ኩባ የመጡ ሰው ናቸው። ስትናደድ በስፓኒሽ አትቆጣም፤ በክሬዮል ነው። እኛ አፍሪካውያኑ ልጆች ምን እንዳለች ሳይገባን እንኳ ድምፁ ደስ ይለን ነበር። እሷን በዘር ከየትኛው ክብ ልናወጣት ነው?

ቅኝ ግዛትም አይበቃም። ስፔን ፊሊፒንስን ከ300 ዓመት በላይ ገዝታለች፤ ለረጅም ዘመን የምታስተዳድራት በሜክሲኮ በኩል ነበር። እስከ 1815 ድረስ የስፔን መርከቦች በሜክሲኮዋ አካፑልኮና በፊሊፒንሷ ማኒላ መካከል ይመላለሱ ነበር። እኛው አህጉር ላይ ያለችው ኢኳቶሪያል ጊኒም እስከ 1968 የስፔን ነበረች፤ ዛሬም ስፓኒሽ ትናገራለች። ሁለቱንም ላቲን አሜሪካ የሚላቸው የለም።

ታዲያ ስሙ ከየት መጣ? እኔ ነገሩ የገባኝ እዚህ ላይ ስደርስ ነው። በ1856 ፓሪስ ውስጥ የቺሊው ፍራንሲስኮ ቢልባኦ በንግግሩ «ላቲን አሜሪካ» አለ። በዚያው ዓመት የኮሎምቢያው ሆሴ ማሪያ ቶሬስ ካይሴዶ ስሙን በግጥም ጻፈው። ለምን በዚያ ዓመት? ዩናይትድ ስቴትስ በ1848 የሜክሲኮን መሬት ገሚሱን ወስዳ ጨርሳለች። ዊልያም ዎከር የሚባል አሜሪካዊ ደግሞ ቅጥረኞቹን ይዞ ኒካራጓ ገብቷል። በ1856 ራሱን ፕሬዚዳንት አደረገ፤ ባርነትንም መልሶ ፈቀደ። ስሙ «እኛ የእናንተ አይደለንም» የሚል የተጠቁ ሰዎች ድምፅ ነበር። ቋንቋን ወይም ዘርን ለመለካት ብቻ የመጣ ቃል አልነበረም።

ቃሉ ግን ለፈረንሳይም ተመቻት። «እኛም ላቲን ነን» ለማለት አገለገላት። ንጉሠ ነገሥቷ ሦስተኛው ናፖሊዮን ሜክሲኮን ወርሮ በ1864 ማክሲሚሊያን የተባለ የኦስትሪያ መስፍን ዙፋን ላይ አስቀመጠ። ሜክሲኮዎች በ1867 ረሸኑት። ንጉሡ ሄደ፣ ቃሉ ቀረ።

አሁን ወደ ሄይቲ ልመለስ፤ ዝም ብዬ ማለፍ ስለማልችል ነው። በባርነት የነበሩ ሰዎች ፈረንሳይን አሸንፈው በ1804 ነጻነታቸውን አወጁ። ከዛሬዎቹ 20 አገሮች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ደቡብ አሜሪካን ከስፔን ነጻ ለማውጣት የተዋጋው ሲሞን ቦሊቫር ተሸንፎ ሲሰደድ የተቀበለው የሄይቲው ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ፔቲዮን ነው። በ1816 መሣሪያና መርከብ ሰጥቶ መለሰው። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ነጻ በምታወጣው ምድር ባሪያዎችን ነጻ አውጣ። በ1826 ቦሊቫር የነጻ አገሮችን ጉባኤ ፓናማ ላይ ሲጠራ ግን ሄይቲ አልተጋበዘችም። እና ወንድሜ፣ የአስተማሪው ቀይ እስክሪብቶ ሄይቲን ሲሰርዝ የመጀመሪያው አይደለም። ለዚህ ነው ደብዳቤዎን ሳነብ ሆዴ የባባው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በዚያ ምድር መጀመሪያ የነበሩት ሕዝቦች «ላቲን» መባሉን እንዴት ያዩታል? የራሳቸው ስም የላቸውም? (ከአንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

መልስ፦ አላቸው ልጄ። ብዙ የነባር ሕዝቦች ንቅናቄዎች አህጉሩን «አብያ ያላ» ይሉታል። ቃሉ የጉና ሕዝብ ነው። ጉናዎች የሚኖሩት በፓናማ የካሪቢያን ዳርቻና በደሴቶቿ ላይ ነው፤ በ1925 በመንግሥት ላይ ተነስተው የራስ አስተዳደር ያገኙ ሕዝቦች ናቸው። ትርጉሙ የጎለመሰ፣ ለፍሬ የደረሰ ምድር እንደማለት ነው። «አሜሪካ» የአንድ ጣሊያናዊ ተጓዥ ስም ነው፤ «ላቲን» የሮማውያን ቋንቋ ነው። ሁለቱም ከውጭ የመጡ ናቸው። ስለዚህ የራሳችን ይሁን ማለታቸው ለእኔ ፍጹም ትክክል ነው። መንግሥታት ግን እስካሁን በካርታቸው ላይ አላወጡትም። ለቤት ሥራሽ ሁለቱንም ጻፊ፤ የትኛው ስም ከማን አፍ እንደወጣም ጨምሪበት።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ የተዋወቅኩትን ብራዚላዊ ጓደኛዬን «ሂስፓኒክ» ብዬው ቅር አለው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ «ሂስፓኒክ» የሚለው ቃል ከስፔን ጋር ነው የተያያዘው። ጓደኛህ ፖርቱጋልኛ ነው የሚናገረው። ማድሪድ የተወለደ ሰው ሂስፓኒክ ነው፣ ላቲን አሜሪካዊ ግን አይደለም። ጓደኛህ ደግሞ ላቲን አሜሪካዊ ነው፣ ሂስፓኒክ ግን አይደለም። እኔ ኩባ በኖርኩባቸው ዓመታት «ላቲን ነኝ» ብሎ ራሱን ያስተዋወቀኝ ሰው አላስታውስም። ኩባዊ ነኝ ነበር የሚሉት፤ የሳንቲያጎ ልጅ ከሆነ ደግሞ ሳንቲያጎን ያስቀድማል። አንተም ብራዚላዊ በለው። ከየትኛው ግዛት እንደሆነም ጠይቀው፤ የአፍሪካ ባህል ከደመቀባት ከባሂያ ግዛት ከሆነ ብዙ የምታወሩት ታገኛላችሁ።