ገመዱ አይደለም የላላው

ከሐይቅ ከተማ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ነገርህ ገብቶኛል። አሮጌ የእንጨት ጀልባ ገዝተሃል፤ ባለ ሸራ። ምሰሶውን ግራና ቀኝ የያዙትን የሽቦ ገመዶች ብታጠብቅም በሳምንቱ ይላላሉ። ነፋስ ሲበረታ ከምሰሶው ሥር ሲጥ ሲጥ ይላል። ጠዋት ወለሉ ላይ ውሃ ታገኛለህ። አሁን አዲስ ገመድና ረዘም ያለ ምሰሶ ልትገዛ ነው።

አትግዛ። ሽቦ በየሳምንቱ አይረዝምም። እኔ የምጠረጥረው ምሰሶው የቆመበትን መቀመጫ እንጨት ነው። በስብሷል። ምሰሶው ዝቅ ባለ ቁጥር ገመዱ ይላላል። አንተ ስታጠብቀው ደግሞ የበሰበሰው ውስጥ ይበልጥ ትተክለዋለህ።

ይህን ሳታጣራ ሐይቁ ላይ እንዳትወጣ። ምሰሶውን ስታወርድም ሥሩ ማንም አይቁም። ሦስት ሰው ሁኑ፤ ከላይ በገመድ ታስሮ ቀስ እያለ ይውረድ።

ከዚያ በካቻቢቴ መቀመጫውን ከጎን ውጋው። ጤነኛ እንጨት ጫፉን አያስገባም። እንደ ድፎ ዳቦ ከገባልህ አለቀ። ቀለሙን አትመን።

ያበሰበሳት ሐይቁ እንዳይመስልህ። ዝናቡ ነው። የአጥር ቋሚ ነቅለህ ታውቃለህ? ጠልቆ የተቀበረው ጫፍ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ከላይ ያለውም ደህና ነው። የሚበላው አፈርና አየር የሚገናኙበት ወገቡ ላይ ነው። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ውሃም አየርም ይፈልጋል። ውሃ ውስጥ ተነክሮ የሚኖር እንጨት አየር ያጥረዋል። የደረቀው ደግሞ ውሃ የለውም፤ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ፈንገሱ አይሠራም። ጀልባህ ግን ክረምቱን ሳትሸፈን ዳር ላይ ከርማለች። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ምሰሶውን ታክኮ ወርዶ ሥሩ ይጠራቀማል። የምሰሶው የታችኛው ጫፍ እንደ ታሰረ ጭድ ነው፤ ውሃውን ይመጠዋል። የባሕር ሰዎችን ጨው ትንሽ ይረዳቸዋል። የእናንተ ሐይቅ ውሃ ግን ጨዋማ አይደለም፤ ፈንገስ ይወደዋል።

በፎቶው ላይ ያየሁት ጥገና አናዶኛል። ከአንተ በፊት የነበረው ሰው ሥሩን በሬንጅ ሞልቶ ቆርቆሮ ቸንክሮበታል። እርጥብ እንጨት ላይ ሬንጅ ካፈሰስክ እርጥበቱን ዘጋህበት ማለት ነው። ምስማሩም የጣሪያ ነው፤ ዝጎ ዙሪያውን አጥቁሮታል።

ሬንጁን ፍቀህ መቀመጫውን በመሮ አውጣው። ከሥሩ ያሉትን ጎድኖችም፣ የጀልባዋን ቅርጽ የያዙትን አግዳሚ እንጨቶች፣ ውጋ። የለሰለሰ ካለ፣ ብስባሹ ካለቀበት አንድ ስንዝር አልፈህ ቁረጥ። ጀልባዋ ጥላ ሥር ቢያንስ ሦስት ሳምንት ትድረቅ። አዲሱን መቀመጫ ከሐበሻ ጥድ ልብ፣ ከግንዱ መሃል ካለው እንጨት፣ ሥራው። ባሕር ዛፍ አይሁን፤ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ርዝመቱ ሦስት አራት ጎድን ላይ ይረፍ። ምሰሶው ከሚገባበት ጉድጓድ ሥር ጣት የሚያስገባ የውሃ መውጫ ወደ ጎን ብሳ። የተቆረጠ ጫፍ ሁሉ ኢፖክሲ የሚባለውን ተቀላቅሎ የሚደርቅ ሙጫ ሁለት ጊዜ ይጠጣ።

ቡሎኑ፣ ዳዶውና ሮንዴላው የማይዝግ ይሁን። ደሴ ገበያ ስትወጣ ማግኔት ያዝ። የሚያብረቀርቅ ሁሉ የማይዝግ አይደለም። ማግኔቱ ጥርቅም አድርጎ ከያዘው እዚያው ተወው። ርካሽ ቡሎን የስንቱን ልፋት ገደል ከቶታል።

የወለሉ ውሃ ጀልባዋ ዳር ወጥታ ሳለም ከተገኘ ዝናብ ነው፤ ሸፍናት። ረዥሙን ምሰሶ ለከርሞ አቆየው። ሸራ ሲተልቅ ጭነቱ የሚያርፈው እዚሁ መቀመጫ ላይ ነው፤ መጀመሪያ አንድ በጋ ይፈተን።

አብሽር፣ ይሠራል። መልሰህ ስታቆመውም ግን ምሰሶው ሥር ሰው እንዳይኖር፤ በተለይ ልጆቹን አርቅ።