ታይሮይድና የጽንስ መውረድ፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ፋርማሲስት ነኝ። ሃሺሞቶም አለብኝ፤ ሰውነት አንገት ላይ ያለውን ሆርሞን አምራች ዕጢ፣ ታይሮይድን፣ ራሱ የሚያጠቃበት ሕመም ነው። የመጀመሪያ ጽንሴ በዘጠነኛው ሳምንት ወርዶብኛል። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እንደ ባለሙያም እንደ ታማሚም እመልሳለሁ።

«የታይሮይድ ሆርሞንሽ ልክ ነው፣ ቲፒኦ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ግን ከፍ ብሏል አሉኝ። ጽንሴ ሊወርድ ነው?»

አይደለም እህቴ። ፀረ እንግዳ አካል ሥራው በሽታን መከላከል ነው። ቲፒኦ ግን ዞሮ የገዛ ታይሮይድሽን ይወጋል። ቲፒኦ ያለባቸው ሴቶች ጽንስ በብዛት እንደሚወርድባቸው እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት አሳይቷል። ከእነሱ 17 ከመቶ፣ ከሌሎቹ 8.4 ከመቶ ወርዶባቸዋል። እጥፍ ስለሆነ ያስደነግጣል። ግን ገልብጠሽ እዪው፤ ቲፒኦ እያለባቸው 83 ከመቶዎቹ አልወረደባቸውም።

«ታዲያ ለጥንቃቄ ሌቮታይሮክሲን ልጀምር?»

ሌቮታይሮክሲን የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ የሚተካ ክኒን ነው። ሆርሞንሽ ልክ ከሆነ አይጠቅምሽም። እንግሊዝ አገር ቲፒኦ ባለባቸው፣ ሆርሞናቸው ግን ልክ በሆነ 952 ሴቶች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2019 ወጣ። 50 ማይክሮግራም ከወሰዱት 37.4 ከመቶ፣ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከወሰዱት 37.9 ከመቶ ከ34 ሳምንት በኋላ በሕይወት ያለ ልጅ ወለዱ። ልዩነት የለውም። ሳነበው ከፍቶኝ ነበር። የሚረዳ ክኒን ቢገኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

ሆርሞንሽ በግልጽ ካነሰ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ክኒኑ ግድ ነው። ጽንሱ እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ የራሱን ሆርሞን አያመርትም፤ ካንቺ ነው የሚወስደው።

«ድሮም ክኒኑን እወስዳለሁ። ማርገዜን ሳውቅስ?»

ቀጠሮሽን አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ለሐኪምሽ ደውዪ። ብዙ ጊዜ መጠኑ ከ20 እስከ 30 ከመቶ ይጨመራል፤ በሳምንት 7 ፍሬ የነበረው 9 ይሆናል። ይህን ሳታረግዢ በፊት ተነጋገሩበት። ከዚያ እስከ እርግዝናው አጋማሽ በየ4 ሳምንቱ ደም ሰጥተሽ ቲኤስኤችሽ (የታይሮይድ ሆርሞንሽ መብቃቱን የሚያሳየው ምርመራ) ይታይ።

«ከቡና ጋር ብወስደውስ?»

አይሆንም። ቡና መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። እኔ ክኒኑን ማታ ራስጌዬ፣ ውሃ ከሞላ ብርጭቆ አጠገብ አስቀምጣለሁ። ስነቃ እውጠዋለሁ። ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ እስኪፈላ አንድ ሰዓት ይሞላል። የእርግዝና አይረንና ካልሲየም ደግሞ ከክኒኑ ጋር የ4 ሰዓት ልዩነት ይኑራቸው። ክኒኑንና እነዚህን በአንድ ፌስታል አስይዘን ይህን ሳንነግርሽ ከሸኘንሽ ጥፋቱ የእኛ የፋርማሲስቶቹ ነው።

«አማቴ ‹ከባድ ነገር አንስተሽ ነው የወረደብሽ› ይሉኛል።»

አይደለም! በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚወርዱት ጽንሶች ግማሽ ያህሉ የክሮሞዞም (የዘር መረጃ የሚይዘው የሴል ክፍል) ችግር ያለባቸው ናቸው። ማንም ሊያስቀረው አይችልም። እኔም በዚያ ሳምንት ያነሳሁትን ጀሪካን እያሰብኩ ስንት ሌሊት አልቅሻለሁ። ይህን ለአማትሽ አንብቢላቸው።